መድኃኒት የማይባልበት ቤት

«ለበረሮ ገዳይ የምሰጠው ልጅ የለኝም!»

አባቴ ይህን ያለው በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ነው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማ ነበር። አዎ፣ ቆሜ አዳምጫለሁ፤ ስለ እኔ እየተወራ ጆሮዬን የት ላድርገው? ብስኩት አፌ ውስጥ ነበር፣ እንዳይሰማብኝ ማኘኩን ተውኩ።

ስሜ ራዚያ ከሊል ይባላል። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ አንድ ፋርማሲ እሠራለሁ። አባቴ ሐጂ ከሊል ሜይፌር ሰፈር ሩዝና ዘይት በጅምላ የሚያከፋፍል፣ የሶዌቶ ባለሱቆች ሲያዩት ከወንበራቸው የሚነሱለት ሰው ነው። በረሮ ገዳይ የተባለው ደግሞ አዩብ ነው። የእኔ አዩብ። እስከ ዛሬ «የእኔ» ብዬው አላውቅም፤ ለእናንተ ስለሆነ ነው።

አዩብም እንደኛ የስልጤ ልጅ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ፣ አገር በአገር ተሻግሮ፣ ግማሹን በእግሩ ግማሹን በጭነት መኪና ነው እዚህ የደረሰው። ሶዌቶ ውስጥ በሰው ስፓዛ፣ ማለት በሰፈር ሱቅ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ አራት ዓመት ቆሟል። ደምበኛው ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» እያለ ሲጠራው ስሙን ሊረሳ ምንም አልቀረውም ነበር። ኋላ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። መንገድ ላይ የተገዛ፣ ስም የሌለው የአይጥ መርዝ ከዱቄት ጎን የሚያስቀምጥ ሱቅ አለ ተብሎ ተወራና ሰው የእኛን ምግብ መፍራት ጀመረ። ሌላው ቁጭ ብሎ ሲያማርር አዩብ ግን «ይህን ሥራ በሕግ የሚሠራ አንድ ሰው ከእኛ መሀል መኖር አለበት» አለ። ፈቃድ ካለው ሰው ዘንድ ተቀጥሮ፣ ታንክ ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ከወጥ ቤት ወጥ ቤት እየዞረ ተባይ ያጠፋል። አሁን የራሱን ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃዱ የሚገኘው በመንግሥት ፈተና ነው፤ አንዱ በጽሑፍ፣ አንዱ በቃል፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛ።

ሽማግሌዎቹ ለምነው ለምነው አባቴ በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ፈቃዱን በስሙ ይዞ ይምጣና ያን ጊዜ እንነጋገራለን» አለ።

አዩብ የጽሑፉን አለፈ። የቃሉን ወደቀ። ወላሂ፣ የጣለው አንድ ቃል ነው።

እናንተም ቤት እንዲሁ ሳይባል አይቀርም፤ የአይጥ መድኃኒት፣ የበረሮ መድኃኒት፣ የትኋን መድኃኒት። ፈታኟ ቀይ መስመር ያለበትን የመርዝ ዕቃ አንስታ «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ስትለው፣ አዩብ በአፉ የለመደውን ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠና «መድኃኒቱን በውሃ እበጠብጣለሁ፣ ከዚያ ለወጥ ቤቱ መድኃኒት እሰጣለሁ» አላት። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይቅርታ፣ የታመመው ማነው?» አለችው። ከዚያ ኮስተር ብላ፣ «መርዝ ይዞ መድኃኒት ይዣለሁ የሚል ሰው የማንም ቤት ውስጥ መግባት የለበትም። ከወር በኋላ ተመለስ» ብላ አሰናበተችው።

ማስተማሩን የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። አባቴ እንኳ አልከለከለም፤ ከመጋዘናችን ጓዳ፣ አክስቴ ሙርሺዳ ባለችበት ይሁን አለ። አክስቴ ማለት የአባቴ እህት፣ እኔን ያሳደገችኝ ናት። በእኔና በአዩብ መካከል የሩዝ ጆንያ ላይ ትቀመጥና ዳንቴሏን ትሠራለች። ትሠራለች አልኩ እንጂ ዓይኗ ከእኛ ላይ ተነቅሎ አያውቅም።

«ኤይታ፣ ቲቸር!» ይለኛል ሲገባ፣ ሶዌቶ እንደለመደው።

«እንደ ሰው ሰላም በል!» እለዋለሁ። «ይልቅ ንገረኝ፣ በዕቃው ላይ ያለው ቀይ መስመር ምን ማለት ነው?»

«በጣም አደገኛ፣ አትጠጋኝ ማለት ነው።»

«አረንጓዴውስ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ጠጋ በል፣ ግን ጓንትህን እንዳታወልቅ።»

አክስቴ አሳለች። እኔ መጽሐፉ ውስጥ ተደበቅሁ። ጉንጬ ሲግል ይታወቀኛል።

ሕጌ አንድ ብቻ ነበር። «እዚህ ጓዳ ውስጥ መድኃኒት የሚባል ቃል አይነሳም። መርዝ ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም መርዝ!» ከአፉ ካመለጠው ከጆንያው አስነስቼ አቆመዋለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከመቀመጡ መቆሙ ይበዛ ነበር። መልሱን መጀመሪያ በአማርኛ ይጽፍና ለእርማት ይሰጠኛል፤ እኔ በቀይ እስክሪብቶ «መድኃኒት» ያለውን ሁሉ እየሰረዝኩ ከላዩ «መርዝ» እጽፍበታለሁ።

«ራዚ» አለኝ አንድ ቀን።

«ወዬ» አልኩት፣ ሳላስበው።

አክስቴ መርፌዋን ጣለች። «ምን አልሽ? ወዬ የሚባለው ለባል ነው! ለተማሪ አቤት ይበቃዋል።»

አዩብ ሳቁን ዋጠና ቀስ ብሎ፣ «ግን ለምን ነው ይህን ቃል እንዲህ የምትጠዪው? ለፈተናው ብቻ አይመስለኝም» አለኝ። ገጹን ገለበጥኩ። ለምን እንደምጠላው ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ አሥራ ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ። እሱም ዳግመኛ አልጠየቀኝም። በዚያች ዝምታው ምን ያህል እንደወደድኩት ቢያውቅ ኖሮ!

ፈተናው ሐሙስ ሊሆን ሰኞ ጠዋት አባቴ ጫማውን እያሰረ፣ «ደርባን ያለው ነጋዴ ሽማግሌዎቹን እሑድ ይልካል። ያ ልጅ ሐሙስ ከወደቀ ቃሌን እሰጣቸዋለሁ» አለኝ። እንዲሁ፣ ሩዝ መጣ እንደማለት። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ በሁለት ወፍራም ሴቶች መካከል ተጣብቄ፣ አዩብ እሑድ የሰጠኝን አሥራ አራት ገጽ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ማረም ጀመርኩ። እንባዬ ይወርዳል፣ እኔ አርማለሁ። ሾፌሩ ሙዚቃውን አስጩኾታል። የአዩብ ጽሕፈት ደግሞ እንኳን ታክሲ ላይ፣ ቆሞም አይነበብ። ዓይኔ የሚያድነው ያን ቃል ብቻ ነበር። ባገኘሁት ቁጥር ስርዝ፣ መርዝ። ስርዝ፣ መርዝ። መጨረሻው ገጽ ላይ ሦስት ቦታ ሳገኘው ደሜ ፈላ። «ስንቴ ልንገርህ? ይህን ነገር ሁለተኛ አልፈልግም! በቃ!» ብዬ ጻፍኩበትና ትልቅ ዜሮ ሰጠሁት። ከሥራ ስመለስም ለአክስቴ «ሲመጣ ስጪልኝ» ብዬ ተውኩላት፤ ያኑ ማታ፣ እኔ ሳላየው፣ መጥቶ ወሰደው።

ማክሰኞ አዩብ ለትምህርቱ አልመጣም። ረቡዕም። ስልኩ አይነሳም።

ተቀየምኩ። ስለ ደርባኑ ሰው ሰምቶ ተስፋ ቆርጦ ነው አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ድሮም አይወደኝም ነበር አልኩ። ሴት ልጅ ብቻዋን ስታስብ የማታገኘው ክስ የለም። አክስቴ ፊቴን አይታ ሻይ ደጋግማ ትቀዳልኛለች። ሦስተኛውን ሳልጠጣው በረደ።

ሐሙስ ጠዋት አክስቴ የረሳችው ነገር ትዝ ብሏት ድንገት ግንባሯን መታች። «ውይ! አዩብ ትናንት በመጋዘኑ በኩል አልፎ ይህን መጽሐፍ መልሺልኝ ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሻይ እንኳ አልጠጣም አለ።»

መጽሐፉን ስከፍተው አንዲት ወረቀት ወደቀች። ያቺ የመጨረሻዋ ገጽ ናት። ቀይ በቀይ ሆናለች። ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኳት፤

«ራዚያ፣ ሐሙስ ባልፍም ብወድቅም አንድ ነገር እወቂልኝ። አገሬን ከለቀቅሁ ጀምሮ ያላመመኝ የለም፤ መንገዱ፣ ብቸኝነቱ፣ ፍርሃቱ። መድኃኒቴ አንቺ ነሽ። ይህን ቃል እንደማትወጂው አውቃለሁ፣ ግን ለአንቺ ሌላ ቃል አጣሁ። እንደ አንቺ ያለ መድኃኒት አላህ ለሰው ሁለቴ አይሰጥም። መድኃኒቴ ሆነሽ እንድትቀሪ ከወደድሽ አባትሽ እግር ላይ ወድቄ እለምናለሁ። ካልወደድሽ ግን ቁርጡን ንገሪኝ።»

ይህ የእሱ ነው። የእኔ ቀይ እስክሪብቶ ደግሞ ሦስቱንም ቃል ሰርዞ፣ ከላያቸው መርዝ፣ መርዝ፣ መርዝ። በኅዳጉ ላይ «ይህን ነገር ሁለተኛ አልፈልግም! በቃ!» «ቁርጡን ንገሪኝ» ከሚለው በታች ዜሮ። ከዜሮው ሥር አዩብ በደቃቃ ጽሕፈት አንድ መስመር ጨምሯል፤ «ቁርጡን ስለነገርሽኝ አላህ ይስጥልኝ። ፈተናውን አልሄድም። ለማን ብዬ?»

«ያ ረቢ!» ብዬ ጮኽኩ። አክስቴ ብርጭቆ ጣለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት የሰው ልብ ነው፣ በምን ልልቀመው? ስልኩ ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ሰዓቱ አንድ ተኩል ሆኗል። ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አዩብ የሚኖረው ቤሪያ ሰፈር፣ ከወንዶች ጋር በደባልነት፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሐጂ ከሊል ልጅ ብቻዋን ወደዚያ ሄደች ማለት ሜይፌር በሙሉ እስከ ቀትሩ የዙህር ሰላት ድረስ ሰማው ማለት ነው። አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ።

አባቴ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ ሙስበሃውን ይቆጥር ነበር። ወረቀቱን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። 

«ምንድነው?»

«አንብበው፣ አባ። ከዚያ የምታደርገኝን አድርገኝ።»

መነጽሩን አደረገ። ወንድ የጻፈላትን የፍቅር ደብዳቤ ለአባቷ የሰጠች ሴት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም። ቀስ ብሎ አነበበ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጣቱ ከተሰረዘው ቃል ላይ ቀረ።

«ይህን ሁሉ የሰረዝሽው አንቺ ነሽ?»

«ደብዳቤ መሆኑን አላወቅሁም። ቃሉን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ለምን?» አለኝ። ድምፁ ተለወጠ። «ይህ ቃል ምን አደረገሽ?»

ያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ነገር ከሆዴ ወጣ። «እማዬን የገደልኳት እኔ ነኝ» አልኩት። «አገር ቤት፣ ወራቤ እያለን፣ ሱቃችን ውስጥ። ሳሏ ሲብስባት መድኃኒቱን አቀብዪኝ አለችኝ። መደርደሪያው ላይ ከነበሩት ጠርሙሶች አንዱን አነሳሁ። ያቀበልኳት እኔ ነኝ፣ አባ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብሆንም እጁ የእኔ ነው።»

ከአባቴ እጅ ሙስበሃው ወደቀ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ በእናቴ ቀብር ቀን እንኳ።

«አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ... እኔ ነኝ ብለሽ?» አለ። «ወይኔ ከሊል! ወይኔ! ስሚኝ ልጄ። የትኋኑን መርዝ ከትልቁ ዕቃ ወደ ሳል ሽሮፕ ጠርሙስ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ዕቃው ያፈስ ነበር። እናትሽ ‹ይህ ምንድነው?› ብላ ጠየቀችኝ። ደምበኛ ቆሞብኝ ነበር፣ ዞር እንኳ ሳልል ‹መድኃኒት ነው› አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አንቺ ያቀበልሻት እኔ መድኃኒት ነው ያልኩትን ነው።»

አቀፈኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲያ አቅፎኝ አያውቅም። እኔም እሱም እንደ ሕፃን አለቀስን፤ የሶዌቶ ባለሱቆች ሩዝ ሊጭኑ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ያዩናል።

«ያ ልጅ ታንኩን አዝሎ ደጄ ላይ ሲቆም» አለ አባቴ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ «እኔ የማየው እሱን አልነበረም። ራሴን ነው። በረሮ ገዳይ ብዬ የሰደብኩት ራሴን ነው።» ከዚያ ድንገት ሰዓቱን አየ። «ፈተናው ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት።»

«ሙርሺዳ! ሂጃብሽን! ባኪ መኪናውን አስነሳለሁ!»

ቤሪያ ስንደርስ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። ሊፍቱ የተበላሸው መቼ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው የለም። አባቴ ጉልበቱ ያመዋል፣ መስጊድ ውስጥ እንኳ በወንበር ነው የሚሰግደው። እኛን መኪና ውስጥ ትቶ ግድግዳውን እየያዘ ደረጃውን ጀመረው።

«ወይ ጉድ!» አለች አክስቴ አፏን ይዛ። «ወንድ ሽማግሌ ልኮ ሴት ይለምናል እንጂ፣ የሴት አባት ሰባት ፎቅ ወጥቶ ወንድ ሲለምን በየት አገር ታይቷል?»

እኔ የተበላሸችውን ወረቀት ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ቀዩን እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ያረምኩት እርማት የለም። አንድ በአንድ «መርዝ» ያልኩትን ሰረዝኩ፣ «አልፈልግም! በቃ!» ያልኩትንም እንዲሁ። ከዜሮዋ ፊት ደግሞ አንድ ጨምሬ አሥር አደረግኋት።

ሲወርዱ አዩብ የሥራ ቱታውን ለብሶ፣ አባቴን በክንዱ ደግፎ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። አባቴ የሚተነፍሰው እየቆራረጠ ነው። «ልጄ... እርማት... ተሳስታለች» አለና በሩን ይዞ ቆመ። ወረቀቱን በመስኮት ለአዩብ ሰጠሁት። አንድ ጊዜ አነበበ። ደግሞ ሁለተኛ አነበበ። የጻፍኩት ቃል ሁሉ ቢጠፋ ከፊቱ ላይ መልሼ ማንበብ እችል ነበር።

«አሥር ከስንት ነው?» አለኝ።

«ግባ፣ ረፍዷል!» አልኩት፤ እያለቀስኩ መሳቅ እንዲህ እንደሚያምር አላውቅም ነበር።

በሰዓቱ አደረስነው። ፈተናው ሃያ ደቂቃ ፈጀ፣ ለእኔ ሃያ ዓመት። አባቴ መሪውን እንደያዘ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አዩብ በበሩ ብቅ ሲል ፊቱ ምንም አይናገርም። መጥቶ በአባቴ መስኮት አጠገብ ቆመ።

«ቀዩን ዕቃ አነሳች፣ ሐጂ። ይህ ምንድነው አለችኝ።»

«አንተስ?»

«መርዝ ነው አልኳት። ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ አይገለበጥም፣ በተለይ ወደሚጠጣ ነገር ጠርሙስ። ስሙም አይለወጥም አልኳት።» ወደ አባቴ ጎንበስ አለ። «ደረጃው ላይ የነገሩኝን ነው የነገርኳት። አለፍክ አለችኝ።»

አባቴ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ቆይቶ፣ «አልሐምዱሊላህ» አለ። «የእናቷ ስም በአንተ አፍ ባይጠራም፣ ዛሬ ስለ እሷ የመሰከርክላት አንተ ነህ። ለደርባኑ ሰው እኔ እደውላለሁ። አንተ እሑድ ሽማግሌዎችህን ላክ። እነዚያኑ ሦስቱን፣ ይቅርታ የምጠይቃቸው አለኝ።»

ወደ ሜይፌር ስንመለስ አክስቴ እንደተለመደው ከኋላ በመካከላችን ተቀምጣለች። አዩብ በአናቷ ላይ አሻግሮ አየኝ።

«ቲቸር፣ ፈተናው አልቋል አይደል? አሁን ያን ቃል ማለት ይፈቀዳል?»

አክስቴ ሁለት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። «በሉ፣ እኔ አልሰማሁም።»

«መድኃኒቴ» አለኝ።

ያ ቃል በተጠራ ቁጥር አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚታየኝ አንድ ጠርሙስና የእናቴ የተዘረጋ እጅ ነበር። ዛሬ የታየኝ እሱ ብቻ ነው። አባቴም በመስታወቱ አየኝ፣ አልተቆጣኝም።

«ወዬ» አልኩት።